ማርሹ ፎሌ ላይ የተገኘበትን ምክንያት ለሚያውቁት ለጋሼ ይስማው

ለተከበሩ አቶ ይስማው አዳሙ፣
የጋራዥ ባለቤት፣ የከተማችን መካኒኮች ሁሉ አለቃ፣
የሟች ወንድሜ የመሳፍንት ውበቱ የክርስትና አባት፣
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ ስለ ጤነኛዋ መኪና ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ጋሼ ይስማው፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰንብተዋል? ወገብዎንስ እንዴት አደረገዎት? በለቅሶው ሰሞን በዚያ በማይመች አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው ሲያስተዛዝኑን ሕመሙ እንዳይነሳብዎት ሠግቼ ነበር። ባለቤትዎ እትዬ ፍቅርአዲስ፣ ልጆችዎና በጋራዥዎ ያሉት ሠራተኞች በሙሉ ደኅና እንዲሆኑልኝ እመኛለሁ። እኛ ቤት ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳና በመናኸሪያው ግንብ ላይ መለጠፌ ከንቀት እንዳይቆጠርብኝ በትሕትና እለምናለሁ። እንደ ሥርዓቱ መጀመሪያ የመጣሁት ደጅዎ ነበር፤ እርስዎም «አንተ ገና ልጅ ነህ፤ የሚያናግርህ ሐዘን ነው፤ ሂድና ትምህርትህን አጥና» ብለው ለስላሳ ከፍተው ሰጥተውኛል። ስለ ለስላሳው አመሰግናለሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ቀጥዬ ሽማግሌ ልልክብዎት አስቤ የሰፈራችንን ትልቅ ሰው ባማክራቸው «ኧረ የኔ ልጅ፣ በክርስትና አባት ላይ ሽማግሌ ሲላክ የት አይተሃል? ላኪውስ አንተ ልትሆን ነው?» ብለው ራሴን ዳብሰው ሸኙኝ። ደጅዎ ለስላሳ ተሰጥቶኝ፣ ከሽማግሌው ዘንድ ራሴ ተዳብሶ ስመለስ የቀረኝ ወረቀት ብቻ ሆነ። የአማርኛ መምህራችን ለበላይ አካል የሚጻፍ ደብዳቤ አክብሮት ያለውና በቁጥር የተዘረዘረ መሆን አለበት ብለው ስላስተማሩን እንደዚያው ለማድረግ ሞክሬአለሁ።

እኛን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ወንድሜ መሳፍንት ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ከተማ፣ አንዳንዴም ወደ ሉማሜ፣ ሰው የሚያመላልስ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ባለፈው ወር ከአማኑኤል ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ሞተ። መኪናዋ ከተጋጨችበት ስትነሳ የማርሹ ዘንግ ፎሌ ላይ ተገኘ፤ ይኸውም ማርሹ ከየትኛውም ጥርስ ወጥቶ፣ ሞተሩ ጎማውን ሳይዘው፣ መኪናዋ በገዛ ክብደቷ የምትወርድበት ቦታ ማለት ነው። ዘንግ እዚያ ቦታ ላይ የሚገኘው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ አውቆ ሲያወጣው ነው። ሁለተኛው ማርሹ ታሞ በራሱ ዘሎ ሲወጣ ነው። እርስዎ በድንኳናችን ውስጥ የመጀመሪያውን መረጡ። ሁለተኛውን ግን ከእኔና ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህች ከተማ የለም፤ ሌላ የሚያውቅ የነበረው ሞቷል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

አንደኛ፣ ወንድሜን ሰው ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። አባታችን ሲሞት መሳፍንት ትምህርቱን አቋርጦ ከእርስዎ ጋራዥ ገባ፤ እጁን ይዘው መሪ ያስጨበጡትም እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያ ትምህርትዎ ምን እንደነበር ረስተውት ይሆናልና ላስታውስዎት። ሲቆጡ ብቻ በክርስትና ስሙ ይጠሩት ነበር፤ «ስማ ወልደ ሰንበት፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ፎሌ የሚለቅ ሹፌር የጫነው ሰው አይደለም፣ ሬሳ ነው» ብለውታል። ይህን ቃል ወንድሜ ከዳዊት እኩል ነበር የሚደግመው። መናኸሪያ ላይ ሌሎቹን ሹፌሮች ስለዚሁ ጉዳይ እየተቆጣ ስላስቸገራቸው «አባ ሦስተኛ» የሚል ስም አውጥተውለት፣ ገና ሲያዩት «ዞር በሉ፣ ነዳጅ ጠጪው መነኩሴ መጡ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም «ሳቁ፤ እኔ ግን ቁልቁለት በሦስተኛ ማርሽ እየወረድኩ አረጃለሁ» ይላቸው ነበር። አላረጀም። በሦስተኛ ማርሽ ለመውረድ ግን እንደ ሞከረ የምናውቅ እናውቃለን።

ሁለተኛ፣ ስለ መጀመሪያው ምርመራ አመሰግናለሁ። ክረምቱ እንደወጣ ወንድሜ እርስዎ ዘንድ መጥቶ፣ እኔም አብሬው ቆሜ፣ የመኪናዋን ሕመም ሲነግርዎት እንዲህ ነበር ያለው፦ ስትሞቅና ሰው ስትሞላ፣ ቁልቁለት ላይ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ፣ ከሦስተኛ ማርሽ ብቻዋን ዘላ ትወጣለች፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ደኅና ትከርማለች። እርስዎ ይህን ካደመጡ በኋላ በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ሰው ሳይጫን፣ ከጋራዥዎ ተነስተው በሜዳው አስፋልት እስከ አደባባዩ ደርሰው ተመለሱ። ከዚያም ካቻቪቴውን ማርሾቹ ካሉበት ከካምቢዮው ሳጥን ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዎ ላይ አድርገው እንደ ሐኪም አዳመጡ። ምንም አልተሰማም። «እኔ ስይዛትማ እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው! ዛሩ ያለው መኪናዋ ላይ ሳይሆን አንተ ላይ ነው፤ ጠበል ግባ!» አሉት። ጋራዡ በሙሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ወንድሜም ሳቀ፤ የክርስትና አባቱ ሲቀልዱ የማይስቅ ልጅ አልነበረም። እኔ ተማሪ ስለሆንኩ ብቻ አንድ ነገር ከነከነኝ። ስትሞቅ የሚያማት መኪና በብርድ፣ ስትጫን የሚያማት መኪና በባዶ፣ ቁልቁለት የሚያማት መኪና በሜዳ ተመረመረች። ወባ የያዘው ሰው ብርድ ብርድ በማይለው ሰዓት ታይቶ «ደኅና ነህ» እንደ ማለት ነው። ግን እርስዎ ሲናገሩ እኔ ማን ነኝ?

ሦስተኛ፣ ስለ ሁለተኛው ምርመራም እንዲሁ። ያኔ ዘይቱን ቀየሩ፤ ዘንጉ ሥር ያለውን ቡሎን አጠበቁ፤ ከዚያም «ሲነዱ እጅን ዘንጉ ላይ ማሳረፍ ልማድ ነው፤ ማርሹን የሚያወጣው የገዛ እጅህ ነው» የሚል ብይን ሰጡ። ወንድሜ ታዛዥ ነውና ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ከዘንጉ አራቀ። ዘንጉ ግን መዝለሉን አላቆመም። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ፣ ትምህርት በሌለ ጊዜ፣ እኔ ገቢና ከጎኑ እየተቀመጥኩ ቁልቁለቱ ሲጀምር ዘንጉን በሁለት እጄ ወደ ሦስተኛ ጫን አድርጌ እይዝለት ነበር። ጋሼ ይስማው፣ ይህን የምጽፈው ሰው ነግሮኝ አይደለም። በመዳፌ ላይ ስትዘል አውቃታለሁ። መጀመሪያ ትንቀጠቀጣለች፤ ከዚያ እንደ ታሰረ ጊደር ትፈራገጣለች፤ ካልያዟት ትወጣለች። እግር ያልረገጠውን፣ እጅ ያልሳበውን ማርሽ ምን እንደሚያወጣው በእኔ ዕድሜ የማወቅ ግዴታ የለብኝም፤ በእርስዎ ሙያ ግን ያለ ይመስለኛል።

አራተኛው ምስጋናዬ ረጅም ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንድሜ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ምርመራ አልለመነዎትም። የለመነው አብረውት እንዲሳፈሩ ነው፤ «ጋሼ፣ በሞቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ሞልተን ከአማኑኤል ስንመለስ ገቢና ይቀመጡልኝና በዓይንዎ ይዩዋት» አለ። እርስዎም የእጅዎን ዘይት በጨርቅ እየጠረጉ «በዚህ ሽበቴ ረዳት ልታደርገኝ ነው? 'ማርቆስ! ማርቆስ!' እያልኩ ልጣራልህ?» አሉት። አሁንም ተሳቀ። በዚያው ሳምንት አንድ የሉማሜ መካኒክ ጉዳዩን ሰምቶ «ካምቢዮው ወርዶ ሳይታይ ባትነዳት ይሻልሃል፤ አምጣት» ብሎት ነበር። ወንድሜ አልወሰዳትም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው የሰጠኝን መልስ አንባቢ ሁሉ እንዲሰማው እፈልጋለሁ፤ «የክርስትና አባቴ ጤነኛ ናት ያሏትን መኪና ሌላ ሰው ፊት ካስፈታሁማ አዋረድኳቸው ማለት ነው። ሰው ምን ይለኛል? እሳቸውስ ምን ይሉኛል?» ነበር ያለኝ።

እንግዲህ መኪናዋን ማቆም ነበረበት የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ጤነኛ ናት የተባለችን መኪና ሹፌሩ ምን ብሎ ያቆማታል? የእርስዎን ቃል ሐሰት ሳያደርግ ሊያቆማት የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። አንድ ልጅ በክርስትና አባቱ ቃልና በገዛ መዳፉ መካከል ሲቆም የቱን እንዲያምን እንደምናስተምረው እርስዎም ያውቃሉ፤ መሳፍንት በደንብ የተማረ ልጅ ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ለቅሶው። አደጋው የደረሰው ማክሰኞ ስለነበር እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ገቢና ተቀምጣ የነበረችው ሽንኩርት የምትነግደው እታለም የብርጓል ናት። ክንዷን ተሰብራ በፋሻ እንደታሰረች ለቅሶ መጥታ ያየችውን ተናግራለች። ማርሹ ድንገት ጓ ብሎ ሲወጣ ወንድሜ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ዘንጉን እየታገለ፣ መኪናዋን እንደ ሰው «ግቢ እንጂ! ግቢ እንጂ የኔ እናት፣ ሰው ይዣለሁ!» እያለ ይለምናት እንደነበር ነገረችን። ፍሬኑ ግሎ መያዝ ሲያቅተው ገደሉ በስተቀኝ፣ ግንቡ በስተግራ ነበር፤ ወንድሜ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ራሱ በር፣ ጠመዘዛት። ተሳፋሪዎቹ ተጎድተዋል፤ የሞተ ግን ከእሱ በቀር የለም። እታለም የብርጓል ይህን ተናግራ ስትጨርስ እርስዎ ራስዎን በሐዘኔታ ነቅንቀው ያሉት «ምስኪን፣ ደንግጣ ነው። ሴት ልጅ ስለ ማርሽ ምን ታውቃለች?» ነበር። ከዚያም ወንዶቹ ሲጠይቁዎት «ልጅነት ነው። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ፎሌ ለቀቃት። መኪናዋማ ጤነኛ ናት፤ በእጄ ነው የፈተሽኳት» አሉ። የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ሲጠይቅዎትም ያንኑ ደገሙለት። እሱ ምን ያድርግ፤ ዘንጉ ፎሌ ላይ ነው፤ ባለሙያው ይህን ብለዋል፤ ጻፈው።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቼዋለሁ፤ ስድስተኛ ብዬ ልጽፈው የማልችለው ነገር ስለሆነ ነው።

በቀብሩ ዕለት ካህኑ ፍትሐቱን ሊጀምሩ የሟቹን የክርስትና ስም ሲጠይቁ ከሕዝቡ መካከል ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ወልደ ሰንበት» ያሉት እርስዎ ነዎት። እንባዎ የውሸት አልነበረም፤ አጠገብዎ ስለነበርኩ አይቻለሁ። እኔ ይህን ሁሉ ቀን ያልገባኝ ይህ ነው። ለካህኑ ያን ስም የሰጠ አፍ በማግሥቱ ለሰዉ ሁሉ «ነዳጅ ሲቆጥብ ሞተ» የሚል ሌላ ስም እንዴት ይሰጠዋል? የማያውቁት ሰው ቢሉት ስህተት ነው። የሚጠሉን ሰው ቢሉት ክፋት ነው። አቅፈው ያስጠመቁት ሰው ሲሉት ምን ይባላል? መዝገበ ቃላት አገላብጬ አጣሁለት።

ምክንያትዎን ሳልረዳ ቀርቼ አይደለም። ጋራዥዎ ትልቅ ነው፤ የከተማው ሹፌር በሙሉ ያምንዎታል፤ «ይስማው አይቶ ያላየው በሽታ ሰው ገደለ» ከተባለ ነገ ማን መኪናውን ያመጣል? ከሁለቱ ስሞች አንዱ መውደቅ ነበረበት፤ ወንድሜ ደግሞ ተኝቷል፤ የተኛ ሰው ስም ሲወድቅ ድምፅ የለውም ብለው ይሆናል። ድምፅ ግን ነበረው፤ የወደቀውም እናቴ ላይ ነው።

እናቴ ወይዘሮ ሸጊቱን ያውቋታል፤ በበዓል ቀን ቤትዎ ሳትመጣ የቀረችበት ዓመት የለም። በዚያች ድንኳን ውስጥ እርስዎ ሲናገሩ በመጋረጃው ማዶ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በየመሐሉ ሥራዋን ታቆምና ትጠይቀኛለች፤ «እውነት ለአንድ ሊትር ነዳጅ ነው ልጄ የሞተብኝ? አጥቼ ነው እንዴ ያሳደግሁት? የሰው ልጅ ጭኖ እንዲህ ያደርጋል?» ትለኛለች። ቤተ ክርስቲያን መሄድ እየተወች ነው፤ የተጎዱትን ተሳፋሪዎች ቤተሰቦች ፊት ለማየት ታፍራለች። ልጇን ማልቀስ ስትጀምር እንኳ ጥፋተኛ ስለምታለቅስ እየመሰላት መሐል ላይ ዋጥ ታደርገዋለች። እኔ «እማዬ፣ እሱ አልለቀቃትም፤ በራሷ ነው የወጣችው፤ እኔ ራሴ ይዣት አውቃለሁ» ብላት፣ «አንተ ወንድምህ ስለሆነ ነው። ይስማው ጤነኛ ናት ብሏል፤ ይስማው ደግሞ እንደ አባቱ ነው፤ በልጁ ላይ አይዋሽም» ትለኛለች። ጋሼ ይስማው፣ እናቴ ከእኔ ይልቅ የምታምነው እርስዎን ነው። ይህንንም ከምስጋናዎቼ መካከል ይደምሩልኝ።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ካሣ አልጠይቅም፤ ይከሰሱ አልልም፤ ጋራዥዎም እንዲዘጋ አልፈልግም፤ ብዙ ልጆች እንጀራቸውን የሚበሉበት ነው። የመሳፍንት አርባ የፊታችን እሑድ ነው። ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ እናቴ ባለችበት፣ ቆመው ሁለት ቃል እንዲናገሩ ብቻ ነው፤ «ነግሮኝ ነበር።» ማርሹ ታሞ ነበር ማለት የለብዎትም። «እኔ ተሳስቻለሁ» ማለትም የለብዎትም። መሳፍንት መጥቶ እንደነገረዎት፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ እንደነገረዎት ሰዉ ከሰማ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል፤ ጎጃሜ ደግሞ ሁለት ቃል ከሰማ አሥሩን ያውቃል። እናቴም ያን ቀን ልጇን እንደ ሌላ እናት ከፍ ባለ ድምፅ ታለቅሰዋለች።

እሑድ የማይመችዎት ከሆነ፣ ወገብዎም ካልቻለ፣ እኔ ወንበር ይዤ እመጣለሁ።

ያለ ደረጃዬ ይህን ያህል በማስቸገሬ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ወንድሜን ለእግዚአብሔር ያቀረቡበትን ቀንና ለሰው አሳልፈው የሰጡበትን ቀን እኩል እያስታወስኩ፣ በትልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የክርስትና ልጅዎ የሥጋ ወንድም፣
እንዳላማው ውበቱ
የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ

ተጨማሪ፦ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጋራዥዎ በኩል አለፍኩ፤ በሩ ክፍት ነበር። የወንድሜ መኪና እዚያው ቆማለች። ግንባሯ እንደተጨፈለቀ፣ የሹፌሩ በር እንደታጠፈ፣ መስታወቷም እንደረገፈ ነው፤ ማንም አልነካቸውም። በግጭቱ ምንም ያልሆነው ካምቢዮው ብቻ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ማርሾቹ አንድ በአንድ ታጥበው በሥራ ጠረጴዛዎ ላይ ተደርድረዋል። ጤነኛ መሆኑን ለሁሉም ከመሰከሩለት በኋላ ምን ፍለጋ እንደፈቱት አልጠይቅዎትም። እሑድ ሲመጡ ግን የሦስተኛውን ማርሽ ይዘውላት ይምጡ፤ እናቴ ይህን ደብዳቤ ማንበብ ባትችልም፣ የተበላ ጥርስ በጣቷ ዳብሳ ታውቃለች።